የታየውና የታሰበው፤ የጥንት ቤተ መቅደሶች ፍርስራሽ በሥዕልና በጥገና

አንድ ጥንታዊ ሕንፃ ከፈረሰ በኋላ የሚመሰክሩለት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መሬት ላይ የወደቀው ድንጋይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፍርስራሹን በዓይኑ ያየ ሰው በወረቀት ላይ ያስቀረው ሥዕል ነው። ድንጋዩ አይዋሽም፤ ነገር ግን ለሌላ ቤት ግንባታ ይወሰዳል፣ ለኖራ ይቃጠላል፣ ወይም በደለል ይዋጣል። ሥዕሉ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ዘመን ይሻገራል፤ ነገር ግን ሠዓሊው ያየውንና ያሰበውን አንድ ላይ ቀላቅሎ ሊያቀርብ ይችላል። የጥንት ሕንፃ ጥገና የሚጀምረው እነዚህን ሁለት ምስክሮች ፊት ለፊት አቁሞ ከመመርመር ነው። ምርመራው በሮማውያን ቤተ መቅደሶች ላይ እንዴት እንደተለመደ፣ ከዚያም ወደ አክሱምና ወደ የሃ እንዴት እንደተሻገረ መከተል፣ በኢሉባቦር ከተሞች ለሚሠራ ባለሙያም ከሥራው የራቀ ነገር አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ18ኛው መቶ ዓመት የሮማ ፍርስራሽ የአውሮፓ ሠዓልያን ዋና መተዳደሪያ ሆኖ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ጆቫኒ ፓኦሎ ፓኒኒ ከከተማይቱ ልዩ ልዩ ማዕዘናት የሚገኙትን ዓምዶች፣ ቅስቶችና ሐውልቶች ሰብስቦ፣ በእውነቱ ዓለም ተገናኝተው የማያውቁትን በአንድ ሸራ ላይ ጎን ለጎን ያቆማቸው ነበር። ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔዚ ደግሞ በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ ባተማቸው የሮማ ትዕይንቶች ላይ ሰዎቹን እንደ ጉንዳን አሳንሶ፣ ሕንፃውን ከልኩ በላይ አገነነው። ሥዕሎቹ ውብ ናቸው፤ የብዙ ሰው ዓይንም የከፈቱ ናቸው። ዳሩ ግን የዓምዱን ቁመት ከፒራኔዚ ሥዕል ለክቼ እሠራለሁ የሚል አናጢ ቢኖር ጣራው በሰማይ ላይ በቀረ ነበር። የሮማ ጠጋኞች ይህን ቀስ በቀስ ተረዱት። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ጁዜፔ ቫላዲየር የቲቶን የድል ቅስት ሲያድስ፣ የጎደለውን አካል የሠራው በጥንቱ እብነ በረድ ሳይሆን ትራቬርቲን በተባለው ሻካራ ድንጋይ፣ ያለ ጌጥ ነበር። ተመልካቹ አሮጌውን ከአዲሱ በአንድ እይታ እንዲለይ በማሰብ የተደረገ ነው። በሮማ ፎረም የሚገኘው ክቡ የቬስታ ቤተ መቅደስ ታሪክ ከዚህም የበለጠ ያስተምራል። የቤተ መቅደሱ እብነ በረድ በ16ኛው መቶ ዓመት ተገፎ ለሌላ ሥራ ተወስዷል። የሕንፃው መልክ የታወቀው ከመሠረቱና ከጥቂት ስብርባሪ ሌላ፣ የጥንት ሮማውያን በሳንቲሞቻቸውና በድንጋይ ቅርጾቻቸው ላይ ስለቀረጹት ነው። በ1930 አልፎንሶ ባርቶሊ በዚህ ማስረጃ ተመርቶ ከክቡ አንዱን ክፍል ብቻ አቆመ። የተገኙትን እብነ በረዶች በየቦታቸው ሰክቶ፣ የጎደለውን በትራቬርቲን ሞላ፤ የቀረውን ዙሪያ ባዶ ተወው። ከባዶው የተነሣ ሥራው ያልተጨረሰ ይመስላል የሚሉ አሉ። ማስረጃው ያለቀበት ቦታ ግን እዚያ ነው።

ሥዕል ለጥገና ያለውን ዋጋ ከሁሉ ይበልጥ ያሳየው ግን በሮማ ሳይሆን በሊባኖስ ምድር፣ በበዓልቤክ ያለው የሮማውያን ቤተ መቅደስ ነው። ሮበርት ዉድና ጄምስ ዶኪንስ በ1751 ወደ ስፍራው ደርሰው ያስነሡትን ልኬትና ሥዕል በ1757 አሳተሙ። በዚያን ጊዜ ከታላቁ የጁፒተር ቤተ መቅደስ ዓምዶች ዘጠኙ ቆመው ነበር። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1759፣ አገሩን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ሦስቱን ጣላቸው። ዛሬ የሚታዩት ስድስቱ ናቸው። ከጎኑ ባለው የባኮስ ቤተ መቅደስ ደግሞ፣ ከበሩ በላይ ካለው ጉበን የመካከለኛው ድንጋይ በዚሁ መንቀጥቀጥ ሾልኮ ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ ስኮትላንዳዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሮበርትስ በ1839 እንደ ተንጠለጠለ ሳለው። ከዚያም በኋላ ድንጋዩ ጨርሶ እንዳይወድቅ ከሥሩ ሻካራ የግንብ ምሰሶ ተደግፎለት ኖሯል። የዉድ መጽሐፍና የሮበርትስ ሥዕል ባይኖሩ፣ በአደጋው የጠፋውና ቀድሞ የጠፋው ተለይቶ ባልታወቀ ነበር። የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም በ1898 በዓልቤክን ከጎበኘ በኋላ የጀርመን ሊቃውንት ቁፋሮ ጀመሩ። በኦቶ ፑክሽታይን መሪነት ከተሰማሩት መካከል ዳንኤል ክሬንከር የተባለ ወጣት አርኪቴክት ይገኝ ነበር። የእያንዳንዱን ድንጋይ ስፋትና ውፍረት እየለካ፣ የወደቀውም የት እንደ ነበር እየፈለገ መሥራትን የተለማመደው በዚያ ነው። ይህ ሰው ነው በ1906 ወደ አክሱም የመጣው።

ከእርሱ በፊት የኢትዮጵያን ጥንታዊ ፍርስራሾች ያዩና የጻፉ የውጭ ሰዎች አልታጡም። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 በየሃ በኩል ሲያልፍ፣ የግድግዳውን ከፍታና የድንጋዩን አጠራረብ አድንቆ መዝግቧል። ጄምስ ብሩስ በ1770 አክሱምን አይቶ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የቆመውን ሐውልት ሥዕል አወጣ። ይህ ሥዕል ከእውነተኛው ሐውልት ጋር ያለው መመሳሰል ጥቂት ነው። ብሩስ ብዙ በጎ ሥራ የሠራ መንገደኛ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ከጉዞው 20 ዓመት ያህል ቆይቶ ያሳተመ ሰው ሥዕል እንደ ልኬት ሊቆጠር አይገባውም። ሄንሪ ሶልት በ1805 አክሱም ደርሶ የሣለውና በ1809 የታተመው ሥዕል ግን የተሻለ ነው። ሐውልቱ ከትልቅ ዛፍ አጠገብ ቆሞ፣ የበሩና የመስኮቶቹ ቅርጽ በየተራው ተቆጥሮ ይታይበታል። ሶልት ራሱ የብሩስን ሥዕል ከቦታው ጋር አስተያይቶ ነቅፎታል። በዚህ ነቀፌታ ውስጥ የዕውቀት ፉክክር ብቻ ሳይሆን የሰው ለሰው ቅናትም እንደ ነበረበት የሚጠረጥሩ አሉ፤ ያም ሆኖ በሐውልቱ ነገር ሶልት ትክክል ነበር። በ1893 ደግሞ ቴዎዶር ቤንት ከሚስቱ ከሜብል ጋር አክሱምንና የሃን ሲጎበኝ ፎቶግራፍ አንሺዋ እርሷ ነበረች።

በ1906 መጀመሪያ ላይ የመጣው የጀርመን የአክሱም ጉዞ ቡድን፣ መሪው የቋንቋ ሊቁ ኤኖ ሊትማን ሲሆን፣ ክሬንከር የጥንቱን ሕንፃ፣ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ደግሞ ፎቶግራፉንና የኋለኛውን ዘመን ሕንፃዎች፣ ኤሪኽ ካሽከ የሕክምናውን ሥራ ይዘው ነበር። በዚያ የቆዩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። የጥናታቸው ውጤት ግን በ1913 በአራት ትላልቅ ጥራዞች ታትሞ ሲወጣ፣ በጥንታዊት ኢትዮጵያ ሥነ ሕንፃ ላይ የተደረገ የመጀመሪያው ሙሉ ልኬት ሆነ። እስከ ዛሬም ድረስ የአክሱምን ቁፋሮ የሚጀምር ሰው ሁሉ በቅድሚያ የሚገልጠው መጽሐፍ ይኸው ነው።

ክሬንከር ከበዓልቤክ ያመጣው ዋናው ነገር የልኬት ችሎታ ብቻ አልነበረም። ከፈረሰው ተነሥቶ የቆመውን የማሰብ ድፍረትም ይዞ ነበር። በአክሱም ያገኛቸው የቤተ መንግሥት መሠረቶች ከመሬት ብዙም ከፍ ያላሉ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሕንፃ ወደ ላይ ለማሳደግ ምስክር ያስፈልገዋል። ምስክሩን ያገኘው ከአክሱም ሐውልቶች ነው። ሐውልቶቹ፣ ልብ ብሎ ለተመለከታቸው፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ የሕንፃ ሥዕሎች ናቸው። ከታች ቁልፍ ያለው የሐሰት በር አላቸው፤ ከዚያ በላይ በየፎቁ መስኮት ተደርድሯል፤ በየወለሉ መካከል ከግድግዳው የወጡ የእንጨት ጫፎች፣ በተለምዶ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት፣ ክብ ክብ ሆነው ተቀርጸዋል። ወድቆ የተሰበረው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት ያለው ሲሆን፣ 13 ፎቅ ያለውን ቤት ይመስላል። የቬስታ ቤተ መቅደስ መልክ ከሮማ ሳንቲም እንደ ተወሰደ፣ የአክሱም ቤተ መንግሥት መልክም ከመቃብር ሐውልት ላይ ተወሰደ ማለት ነው። ሁለተኛው ምስክር የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በደብረ ዳሞ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተሠራው ግድግዳ፣ ከነዝንጀሮ ራሱ፣ ሳይፈርስ ቆሞ ይታያል። በሐውልቱ ላይ በድንጋይ የተመሰለው ነገር በእንጨት ተሠርቶ የተገኘው በዚያ ነው።

በዚህ መንገድ የተነሣው ትልቁ ንድፍ የታዕካ ማርያም ቤተ መንግሥት ነው። ክሬንከር 24 ሜትር ያህል በ24 ሜትር የሆነውን ማዕከላዊ ሕንፃ፣ በዙሪያውም 120 ሜትር በ80 ሜትር ያህል የሚሰፋውን ግቢ ለክቶ ፕላኑን አወጣ። ከዚያም ለብቻው፣ ማዕዘኖቹ እንደ ግንብ ከፍ ከፍ ያሉ፣ ደረጃው ሰፊ፣ መስኮቱ ብዙ የሆነ ሙሉ ቤተ መንግሥት ሣለ። ይህ ሁለተኛው ሥዕል በየመጽሐፉ እየተባዛ በተማሪ ሁሉ አእምሮ ውስጥ ገብቷል። መሠረቱ ግን ስለ ፎቁ ብዛት የሚናገረው የለም፤ የኋላ ተመራማሪዎችም በማዕዘኖቹ ከፍታ ላይ ጥርጣሬያቸውን ገልጸዋል። ክሬንከር ፕላኑንና የታሰበውን ሕንፃ ለያይቶ ማሳተሙ ስለዚህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግምቱን የማይቀበል ሰው ልኬቱን መውሰድ ይችላልና። የልኬቱ ዋጋ የታወቀው ደግሞ በአሳዛኝ መንገድ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን በታዕካ ማርያም ላይ መንገድ ተቀደደበትና የሕንፃው አብዛኛው ክፍል ጠፋ። ከ1906 በፊት የአክሱም ነገሥታት የኖሩበት፣ ከ1906 በኋላ ሊቃውንት ያጠኑት ያ ቤት ዛሬ በዋናነት የሚገኘው በወረቀት ላይ ነው።

የደብረ ዳሞው ዕድል ከዚህ የተሻለ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1948 ዴሬክ ማቲውስ በተባለ እንግሊዛዊ አርኪቴክት መሪነት ጥገና ተደረገለት፤ ማቲውስ ከአንቶኒዮ ሞርዲኒ ጋር ሆኖ ስለ ደብሩ ያዘጋጀው ጥናትም በ1959 ወጣ። ጥገናው ሲካሄድ ከ40 ዓመት በፊት የተደረገ ልኬት በእጅ መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም። አገልግሎት የሚሰጥ ቤተ ክርስቲያን በየጊዜው ይለወጣል፤ ለውጡን የሚያሳየው ደግሞ የቀድሞው ንድፍ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ከሮማውያን ቤተ መቅደስ ጉዳይ ጋር የሚቀራረበው ግን የየሃው ታላቅ ቤተ መቅደስ ነው። ከዓድዋ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው ይህ ሕንፃ አልመቃህ ለተባለው የሳባውያን አምላክ በ7ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የታነጸ ነው። ርዝመቱ 18 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 15 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጣራው ጠፍቶ ግድግዳው እስካሁን እስከ 14 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ጥርብ ድንጋዮቹ የተገጠሙት ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ነው፤ መጋጠሚያቸው ምላጭ አያስገባም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሕንፃው ይህን ያህል ዘመን ሊቆም የቻለው፣ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ አፍጼ ወደ ስፍራው መጥተው ቤተ ክርስቲያን እንዳደረጉት በትውፊት ስለሚነገርና በእርግጥም ለክርስቲያናዊ አገልግሎት ስለ ዋለ ነው። ተጋድመው ያሉ ዋልያዎች የተቀረጹባቸው የጥንት ድንጋዮችም በቅጥሩ ውስጥ ካለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሰክተው ይገኛሉ። በሮማ ብዙ ጊዜ የቤተ መቅደሱን ድንጋይ ለአዲስ ሕንፃ መውሰድ ማለት ማጥፋት ነበረ። በየሃ ግን መውሰዱ ራሱ መጠበቅ ሆኗል።

ክሬንከር በ1906 የየሃን ግድግዳዎች ለክቶ ነድፏል። የመግቢያው በረንዳ ስድስት ታላላቅ ወጥ ዓምዶች እንደ ነበሩትና ውስጡ በዓምድ ረድፎች በአምስት መተላለፊያ የተከፈለ መሆኑ በዝርዝር የታወቀው ግን በኋላ በተደረጉ ቁፋሮዎች፣ በተለይም ክርስቲያን ሮቤንና አሌሳንድሮ ደ ማይግሬ በ1998 ባካሄዱት ነው። ከ2009 ጀምሮ የጀርመን የአርኪዎሎጂ ተቋም ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለ ሥልጣን መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ፣ በአይሪስ ገርላኽ መሪነት፣ ጥናቱን ከጥገና ጋር አያይዞ ያዘ። በመጀመሪያ የተሠራው ሥራ ለተመልካች ብዙም የማያምር ነው። ለመፍረስ የተቃረበው የመግቢያው ፊት በማይዝግ የብረት መዋቅር ተደገፈ። ጣራ አልተመለሰለትም፤ ዓምዶቹም እንደ ታሰቡት ሆነው እስከ ላይ አልቆሙም። የባኮስን ቤተ መቅደስ ድንጋይ ከሥሩ በግንብ ምሰሶ የደገፉት ሰዎችና በየሃ ብረት ያቆሙት መሐንዲሶች ያደረጉት በመሠረቱ አንድ ነገር ነው፤ ልዩነቱ የኋለኞቹ ድጋፍ ሲያስፈልግ ሊነሣ እንዲችል ሆኖ መሠራቱ ነው። በ1964 በቬኒስ የተስማሙበት የጥገና ደንብ ግምት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ጥገና ይቁም የሚለውን አሳብ ያጸናው ይህንኑ ነው።

በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ የነበረው የአክሱም ሐውልት ነገር በዚህ ረገድ የተለየ ጥያቄ አስነሥቷል። ሐውልቱ ሶልት ባየው ጊዜ ተሰብሮ በምድር ላይ የተጋደመ ነበረ። ፋሽስቶቹ ስብርባሪውን በብረት ዘንግ አያይዘው በጥቅምት 1937 በሮማ አደባባይ አቆሙት። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ልትመልሰው ግዴታ ገባች፤ የተመለሰው ግን በ2005 ነው። 24 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ይህ ሐውልት በሦስት ክፍል ተለያይቶ በአውሮፕላን ወደ አክሱም መጣ፤ በ2008ም በቦታው ቆመ። በዚህ ጊዜ አሮጌዎቹ ብረቶች ወጥተው፣ ክፍሎቹ አራሚድ ከተባለው ሰው ሠራሽ ጭረት በተሠሩ ዘንጎች ተያያዙ። የሥራው መሐንዲስ ጆርጆ ክሮቺ ነበር። ከመጋጠሚያው አጠገብ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ስብራቱ አሁንም ይታያል። ጠጋኞቹ ሐውልቱን የአሸናፊነት ምልክት ለማድረግ ወይም ተሰብሮ እንደማያውቅ ለማስመሰል አልሞከሩም። የሚገርመው፣ ሶልት ቆሞ የሣለው ሌላው ሐውልት በሥራው ምክንያት እንዳይናጋ በገመድና በማሰሪያ ተደግፎ መቆየቱ ነው። የወደቀውን ማንሣት የቆመውን ሊጥል ይችላልና።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ የድንጋይ ነገር ነው። በኢሉባቦር ሁኔታው ሌላ ነው። ከመቱ፣ ከጎሬ ወይም ከበደሌ የሚኖር ባለሙያ የሚያውቀው ጥንታዊ ቤት በብዛት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው። በዚያ አገር የዓመቱ ዝናብ ከ1500 ሚሊሜትር ያልፋል። ጣራው አንድ ክረምት ካፈሰሰ ግድግዳው ወደ አፈርነት ይመለሳል፤ የተረፈውን እንጨት ምስጥ ይጨርሰዋል። የየሃ ቤተ መቅደስ ከ2600 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሰው የሚለካ ድንጋይ አቆይቶለታል። የጎሬ ቤት ግን ከፈረሰ በኋላ ሊቆፈር የሚችል ነገር አያስቀርም። ስለዚህ ለእንደዚህ ያለ ቤት ከሁለቱ ምስክሮች አንደኛው፣ ማለትም ፍርስራሹ፣ ከመጀመሪያው የለም። የቀረው ሥዕሉ ብቻ ነው፤ እርሱም ቤቱ ሳይወድቅ ካልተነሣ አይገኝም።

ጎሬ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ከተማ አይደለም። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረ፤ ራስ ተሰማ የልጅ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው እስከ ሞቱበት እስከ 1911 ድረስ ግዛታቸው ያ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኢሉባቦር ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ የነጋዴው መናኸሪያ ጎሬ ነበረ፤ የእንግሊዝ ቆንሲልም በዚያ ይቀመጥ ነበር። በ1936 ግንቦት አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ እስከ ኅዳር ድረስ የኢትዮጵያ መንግሥት ስም የተጠራው ከጎሬ ነው፤ ራስ እምሩም ኃላፊነቱን ይዘው የነበሩት በዚያ ነው። የአስተዳደሩ መቀመጫ ኋላ ወደ መቱ ሲዛወር የጎሬ ነገር ጸጥ አለ። መንግሥትና ገበያ የሄደበት ከተማ ቤት ጠጋኝ ያጣል።

እንዲህ ላለው ቤት ክሬንከር ያደረገውን ለማድረግ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ገንዘብ አያስፈልግም። ጣራው እንዴት እንደ ተዋቀረ፣ ማገሩ በምን እንደ ታሰረ፣ ዋንዛው ወይም ዝግባው የት የት እንደ ገባ፣ በረንዳው ስንት ክንድ እንደሚወጣ፣ የበሩና የመስኮቱ ልክ፣ ከዚህም ጋር ከአራቱም ማዕዘን የተነሣ ፎቶግራፍና የተነሣበት ቀን ይበቃል። በንድፉ ላይ የተለካው በቀለም፣ በሽማግሌ ቃል የተነገረው ደግሞ በእርሳስ ይግባ። ሥራውም ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ መንገዱ ሳይበላሽና ግድግዳው ሳይርስ፣ ሊያልቅ የሚችል ነው።